ሰማያዊው ክዳንና ነጩ ክዳን

መርሳ ላይ ሥጋ በደቃቁ ይከተፍልኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ታሞበት እንደሆነ ነው። እኔም ተጠየቅሁ። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና ማን ታሟል አለኝ። ማንም አልታመመም አልኩት። እንግዲያው ለክትፎ ነዋ አለ። ለክትፎም አይደለም፣ በርገር ልሠራ ነው ስለው ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። ወልድያ ካፌዎች ውስጥ በርገር መሸጥ ከጀመረ ቆየ፤ ከወልድያ መርሳ ለመምጣት ደግሞ ባሕር አይሻገሩም። አርባ ዓመት የሞላት የፊዚክስ አስተማሪ ሥጋ ቤት ቆማ ስቡን እንዳታወጣው፣ አብረህ ክተፈው ስትል ግን ያስቃል መሰለኝ።

እውነቱን ብናገር ኖሮ እናቴ ከቤት ታስወጣኝ ነበር። እናቴ ጥርስ የላትም። የቀሯትን ጥቂት መንጋጋዎች ባለፈው ክረምት ወልድያ ወስጄ አስነቅያታለሁ። ለሰፈሩ ግን ዓይኔን ልታይ ነው ብላ ነው የሄደችው። ዓይኗ ከእኔ ዓይን ይሻላል፤ ደጃፋችን ቁጭ ብላ በመንገዱ ማዶ የሚያልፈው ሰው በፌስታል ምን እንደያዘ ትለያለች። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ይህን ነገር ለሰው ትንፍሽ ብትዪ ወላሂ ልጄ አይደለሽም አለችኝ። እሺ ብዬ ማልኩላት። በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራሁላት። ሁለት ቀን አደረገችው። በሦስተኛው ቀን የሌላ ሰው አፍ ይመስለኛል ብላ በመሐረብ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከአባቴ የእጅ ሰዓት ጎን አስቀመጠችው። አሁንም እዚያው ነው ያለው።

መክሳት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደሟ አንሷል፣ ሥጋ ትብላ አለኝ። ሲሰሙት ቀላል ነገር ይመስላል። ሽሮ ሳቀርብ ትበላለች። ሥጋ ሳቀርብ ጠግቤያለሁ ትላለች። ሾርባ ስሠራላት የበሽተኛ ነገር አታምጪብኝ ትላለች። ሥጋውን አድቅቄ ወጥ ውስጥ ስደብቀው መረቁን ብቻ በእንጀራ ታጠቅስና ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ ብዪው እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ ትለኛለች። የጠገበ ሰው ቀሚስ ግን አይሰፋውም። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀሚሶቿን ሁለት ጊዜ አስጠብቤያለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ፣ ለማን ነው፣ ለልጅሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ የለኝም። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ቤት ስደርስ ደግሞ ተናድጄ ነበር።

በርገሩን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ ሥጋ ታደቃለች፣ ትጠፈጥፋለች፣ ትጠብሳለች፣ ለስላሳ ዳቦ መሃል ታደርገዋለች። ስትቆርሰው ጭማቂው ይወርዳል። ጥርስ የሚፈልግ ነገር የለውም፤ የበሽተኛ ምግብም አይመስልም። ይህንንስ እምቢ የምትልበት ምክንያት የላትም ብዬ አሰብኩ። እናቴን አርባ ዓመት እያወቅኋት እንዲህ ማሰቤን ሳስታውስ በራሴ እናደዳለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ቀላሉን ነው። የደቀቀውን ሥጋ ሳልጠፈጥፈው በሽንኩርትና በቲማቲም አቁላልቼ፣ ሰናፍጭ ጠብ አድርጌበት፣ ዳቦ ሰንጥቄ ሞላሁት። የዳቦ ቤቱን ዳቦ ግን አላሰብኩትም። ቅርፊቱ ጠዋት እንኳ ይጠነክራል። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ በድዷ ስትጫነው ዳቦው ንቅንቅ አላለም፤ ሥጋው በወዲያኛው በኩል ወጥቶ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አንድ በአንድ ለቀመችና ወደ ሳህኑ መለሰችው። ሰው እንዴት ወጥ በእጁ ተሸክሞ ይበላል አለች። ከዚያ ተነሥታ እንጀራ አመጣች፣ ሥጋውን በእንጀራ ጠቀለለችና አጎረሰችኝ። አንዱን ስውጥ ሌላው አፌ ላይ ነው። እሷ አልቀመሰችም።

ሁለተኛውን ጠፈጠፍኩት። ሽንኩርቱን ፈቅፍቄ ከነውኃው ጨመርኩ፣ ስቡን አልቀነስኩም፣ መጥበሻው ላይ ሆኖም አልተጫንኩትም። ዳቦውን በእንፋሎት አለሰለስኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ኮራሁ። ለሁለት ስከፍለው ግን ከመሃሉ ቀላ ያለ ጭማቂ ወጥቶ ሳህኑ ላይ ወረደ። ያቺ ስልኬ ላይ ያለችው ሴትዮ እዚህ ላይ ስትደርስ ነው ዓይኗን የምትጨፍነው። እናቴ ሳህኑን በአንድ ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። ደም ነው አለች። ደም አይደለም፣ የሥጋው ውኃ ነው አልኳት። ለምን እንደሚቀላ፣ ሙቀት ሥጋውን ምን እንደሚያደርገው፣ ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው አስረዳኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ፣ ደም ሐራም ነው አለችና ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ተነሣች።

ስለዚህ ከውስጥ እስከ ውጭ የበሰለ፣ ግን ያልደረቀ በርገር መሥራት ነበረብኝ። ይህን ለማግኘት ስንት ኪሎ ሥጋ እንዳደረቅሁ አልናገርም። በመጨረሻ ገባኝ፤ ለካ ዘዴው የዳቦውን ልብ በወተት ነክሮ ከሥጋው ጋር ማሸት ነው። እንዲያ ሲሆን ምንም ቢበስል አይደርቅም፤ ምላስ ላይ ይፈርሳል። አሁን ምን ትላለች ብዬ አቀረብኩ። አየችው፣ አሸተተችው፣ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዴት ብዬ እሷ እያየችኝ ለብቻዬ ሥጋ እበላለሁ?» አለችኝ።

እሷ ያለቻቸው ጎረቤታችንን ነው። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። እናቴ ለዚህ ቤት ሙሽራ ሆና ስትመጣ ውኃ ቀድተው የተቀበሏት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምሳ የሚበሉት አብረው ነው። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። የእስላም ሥጋ አይበሉም፣ እናቴም የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ይህ እኛ ጋ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ሽሮና ክክ ሲሆን ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ሥጋ ሲሆን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያቀርባሉ። ችግሩ አንደኛዋ ሥጋ ከሌላት ሌላዋ አትበላም።

ስለዚህ ሁለቱም ሥጋ የሚበሉበትን ቀን መፈለግ ጀመርኩ። ረቡዕና ዓርብ እትዬ ይጾማሉ። ሰኞና ሐሙስ እናቴ ሱና ብላ ትጾማለች። ደሟ ላነሰ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ ሼኹ ራሳቸው ነግረዋታል፤ ሼኹንም እሺ ብላ ሸኘቻቸው። ማክሰኞ፣ ቅዳሜና እሑድ ቀሩኝ። በነዚህ ቀኖች ደግሞ እትዬ ጾም አላቸው። ምን ጾም ነው ብዬ ስጠይቃቸው አንድ ጊዜ የመድኃኔ ዓለም ነው ይሉኛል፣ አንድ ጊዜ የግሌ ነው ይሉኛል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለት ነው ይሉኛል። ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ቀን ጾም በሌለበት ወቅት እንኳ አልበላም ሲሉ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ለምኜ አምጥቼ አየሁ። እኔ እስላሟ ቁጭ ብዬ የአጽዋማት ቀን ስቆጥር ያየኝ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም። በዚያ ቀን ጾም አልነበረም።

አንድ እሑድ ለብቻቸው አገኘኋቸውና ለመንኳቸው። ስለ ጥርሱ አልነገርኳቸውም፤ ምያለሁ። እትዬ፣ እናቴ ደሟ አንሷል፣ እርስዎ ካልበሉ አትበላም፣ አንድ ቀን ብቻ አብረዋት ይብሉ አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሥጋ ይከብደኛል አሉ። ይህ እንደ ቅቤ ነው፣ ይሟሟል አልኳቸው። ይሟሟል ስል ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እሺ፣ ማክሰኞ ይሁን አሉኝ።

ማክሰኞ ትምህርት ያለኝ ጠዋት ብቻ ነው። ከክፍል እንደወጣሁ በሩ ላይ ጨረቃ ከተሳለበት ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ፣ መስቀል ከተሳለበት ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ አስከተፍኩ። መስቀል ያለበት ሥጋ ቤት ሻጭም ማን ታሟል አለኝ። እትዬ የራሳቸውን መጥበሻና ቢላ አዋሱኝ። ሁለቱን ሥጋ ለየብቻ፣ በመሃል እጄን በሳሙና እየታጠብኩ፣ በወተት ከነከርኩት ዳቦ ጋር አሸሁ። ሳህኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ የእናቴን በሰማያዊ ክዳን፣ የእትዬን በነጭ ክዳን ሸፍኜ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ዕቃችሁ ላይ መለያ ጻፉ እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሁለት ሳህንና ሁለት ክዳን ብቻ ስለሆነ ምን ያደርጋል አልኩ።

መብራት ጠፋ። ከሰል ላቀጣጥል ጓሮ ወጣሁ። ከሰሉ እርጥብ ስለነበረ ሳራግብ ቆየሁ። ስመለስ ሳህኖቹ መስኮቱ ሥር ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ክዳናቸው እንዳለ ነው፤ ሰማያዊውን ከእኔ መጥበሻ፣ ነጩን ከእትዬ መጥበሻ ጋር ወሰድኩ። በየተራ ጠበስኩ። የሽታው ነገር አይነገርም። አጥር ዘልሎ የሄደ ይመስለኛል፣ እትዬ ሳልጠራቸው መጡ። ዳቦውን አለሰለስኩ፣ በየሳህናቸው ሁለት ሁለት አድርጌ አቀረብኩላቸው።

እናቴ በርገሩን አነሣች። በእውነት አነሣችው። ቢስሚላህ አለች። እትዬም በነጠላቸው ሥር በስመ አብ አሉ። እናቴ ወደ አፏ እየወሰደችው፣ እንደ ልማዷ አንድ ወቀሳ ሳትጥል መብላት አትችልምና፣ «ክዳኖችሽ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተውኝ ሁለቱንም አጥቤ መለስኩልሽ» አለችኝ።

ሁለቱንም አጥባ። ሳህኖቹን ደግሞ ዝንብ እንዳይገባ ከመስኮት አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ። የትኛውን በየትኛው ላይ እንደመለሰች ብጠይቃት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ክዳን ክዳን ነው ትላለች።

እነሱ ምንም አላወቁም። ክዳኑ መለያ እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሥጋው ምናልባትም በቦታው ሊሆን ይችላል፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ስንት ወር ለፍቼ በርገሩ ከከንፈሯ አንድ ጣት ቀርቶታል። ለአንድ አፍታ፣ ይቅር በለኝ፣ ዝም ልል ነበር። ግን ይህች ሴት ያልጠየቀችኝ እኔ ስለሆንኩ ነው። የት ገዛሽው፣ ማን አረደው አላለችም። ከእጄ ነው የምትበላው።

«እማ፣ ቆይ፤ አትብዪው» አልኳት።

ነገሩን ተናገርኩ። እናቴ በርገሩን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው። እትዬም መለሱት። ከዚያ እትዬ፣ ለእኔ አዝነው ይሁን ነገሩን ለማቅለል፣ «ምነው ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ባትፈጪው ምን ነበረበት? ጎድን ብታቀርቢልን ጎድናችንን እንለይ ነበር» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ያልነበርኩ ሰው ነኝ። ከሰል ሳራግብ የገባኝ ጭስ ገና ዓይኔ ውስጥ አለ። ሁለት ሥጋ ቤት ተስቆብኛል። የጾም ቀን ቆጥሬአለሁ።

«ጥርስ የላትማ!» አልኩ።

ከአፌ እንደወጣ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እናቴ ሻሿን ይዛ ወደ አፏ ሳበችው፤ ቀና ብላ አላየችኝም። በሕይወቴ ለሰው አትናገሪ ብላ ያስማለችኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ከሰው ሁሉ መርጬ በወዳጇ ፊት ጮኼ ነገርኩባት።

እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። አፋቸውን ከፈቱ። ከፊት ለፊት ሁለት ጥርስ፣ ከታች አንድ፤ ሌላ የለም።

«አንቺ፣ ከእኔ ነው የደበቅሽው?» አሏት እናቴን። «ረቡዕና ዓርቡ የእግዜር ነበር። የቀረው ጾም የድዴ ነው።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሻሿ ሥር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አለቀሰች ብዬ ስጠጋ እየሳቀች ነው። እትዬም ጀመሩ። ለካ አንደኛዋ ለሌላዋ ስትል፣ አንደኛዋም ከሌላዋ ድዷን ስትደብቅ፣ ዓመት ሙሉ ሽሮ ሲበሉ ኖረዋል። እኔ በመሃል ቆሜ መሳቅ አልቻልኩም። የምር ተናድጄ ነበር። ከሁለቱ አንዷ አንድ ቀን እውነቱን ብትናገር ያን ሁሉ ሥጋ ባላደረቅሁ፣ ያን ሁሉ ቀሚስ ባላስጠበብኩ። በርገሮቹን አራቱንም ወስጄ ለሰፈሩ ውሾች ጣልኩላቸው። እነሱ ማን አረደው አላሉም።

እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥፍልኛለች፣ አታናግረኝም። በሦስተኛው ቀን ደብተር ሳርም መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ዝም ብትዪ በልቼው ነበር» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ስትነሣ ደግሞ፣ «ክዳኑን ከእንግዲህ አልነካም» አለች። እናቴ ይቅርታ ስታደርግም ስትጠይቅም ከዚህ በላይ አትሄድም።

ለሚቀጥለው እሑድ ዘዴውን ያመጡት እትዬ ናቸው። የእሳቸው ክብ ይሁን፣ የእናትሽ አራት ማዕዘን ይሁን፣ ምጣድ ላይም ሳህን ላይም ይለያል አሉኝ። ፊዚክስ የማስተምረው እኔ፣ መላውን ያገኙት እሳቸው። አራት ማዕዘኑ ክብ ዳቦ ውስጥ አልገባ ብሎ ማዕዘኖቹ በአራቱም በኩል ወጡ። የመጀመሪያውን ሥጋ አሽቼ፣ ጠብሼ፣ አቅርቤ ሳልጨርስ ሁለተኛውን አልነካሁም። እናቴ ሙሉውን ጊዜ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ከሩቅ ስታየኝ ነበር፤ ክዳን እንዳታጥብ ራሷን ይዛ መሆኑ ያስታውቃል።

ቢስሚላህ ብላ ከአንዱ ማዕዘን ጀመረች። በድዷ ተጫነችው፤ ተቆረሰላት። አኘከች፣ ዋጠች። ደግማ ቆረሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ጨው አንሶታል» አለች።

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ስንት ወር፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ሥጋ ቤት ልላት ነበር። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዷል፣ እጇም አፏ ላይ የለም፤ ባዶ አፏን ከፍታ፣ ከእትዬ ሦስት ጥርሶች ፊት ለፊት፣ እያኘከች ነው። ጨው ላመጣ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁና እዚያ ትንሽ ቆየሁ። ጨውን ይዤ ስመለስ ሳህኗ ባዶ ነበር።